በሩጫና በሸክም ጊዜ ሽንት ስለ ማምለጡ

ሰውን ከደዌው ይልቅ ስለ ደዌው የሚሰማው ኀፍረት አብዝቶ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። እከክ የያዘው እጁን ይደብቃል፤ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሳሉን ያፍናል፤ ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሣው ችግር ያለባት ሴት ደግሞ እናትዋም፣ ባልዋም፣ ሐኪምዋም ሳይሰሙ ብዙ ዓመት ትኖራለች። ችግሩም ስትሮጥ፣ ስትዘል፣ ስታስል፣ ስትስቅ ወይም ከባድ ሸክም ስታነሣ ሽንት ማምለጡ ነው። ነገሩ ለመናገር የማያምር ቢመስልም የጤና ጉዳይ ስለ ሆነ በግልጥ ልንጽፈው ወስነናል፤ አንባቢዎቻችንም በዚሁ መንፈስ እንዲያነቡት እንለምናለን።

ለዚህ ጉዳይ ከጣርማ በር የተሻለ አስረጂ ቦታ አይገኝም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ወደሚበልጠው ወደዚህ ጫፍ ይወጣና፣ በጣልያን ወረራ ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ ገብቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። በመኪና የሚሄደው መንገደኛ ገደሉን በመስኮት እያየ ያልፋል። እግረኛዋ ግን ውሃዋን ወይም የባሕር ዛፍ ጭራሮዋን በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ትወጣለች፤ ቁልቁለቱንም በየእርምጃው ጉልበትዋን እያስደነገጠች ትወርዳለች። በብርዱ ምክንያት በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚነደው ምድጃ ጭሱ ሳል ያበዛባታል። ልጅዋም በትምህርት ቤት ሜዳ ትሮጣለች፣ ገመድ ትዘላለች። እንግዲህ በዚህ አገር ሰውነትን የሚያናውጥ ከባድ እንቅስቃሴ የሚገኘው በስፖርት ሜዳ ብቻ አይደለም፤ በውሃ መንገድና በእንጨት ለቀማም አለ።

ነገሩ የሚሆንበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው። በዳሌ አጥንት ግርጌ፣ ከፊተኛው አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ተወጥሮ፣ ፊኛን፣ ማሕፀንንና የአንጀትን መጨረሻ ከታች ደግፎ የያዘ ጡንቻ አለ። ሥራውን ለመረዳት የአልጋን ጠፍር ማሰብ ይበቃል። ጠፍሩ የተወጠረ ሲሆን በላዩ የተኛውን ቀጥ አድርጎ ይሸከማል፤ የላላ እንደ ሆነ ግን መካከሉ ይረግባል። ሰው በሚዘልበት፣ በሚያስልበት ወይም ትንፋሹን ቋጥሮ ሸክም በሚያነሣበት ጊዜ በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት በድንገት ከፍ ይልና ፊኛን ወደ ታች ይጫነዋል። ጡንቻው ጠንካራ ከሆነ በዚያችው ቅጽበት ተኮማትሮ የሽንቱን መውጫ ይዘጋል፤ ከላላ ወይም ከዘገየ ግን ጥቂት ሽንት ያመልጣል። ጡንቻውን ከሚያላሉት ነገሮች ዋናዎቹ እርግዝናና ወሊድ፣ የዕድሜ መግፋት፣ ሳይሻል የሚቆይ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የዘወትር ከባድ ሸክም ናቸው።

ይህ የወላድ ሴት ብቻ ችግር ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። በአሜሪካ አገር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት፣ ወልደው የማያውቁ 144 የኮሌጅ ሴት ስፖርተኞች ተጠይቀው፣ ከመቶው 28ቱ በስፖርት ጊዜ ሽንት እንደሚያመልጣቸው ተናግረዋል። በስዊድን አገርም እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፣ በሚያስፈነጥር ሸራ ላይ እየዘለሉ ከሚወዳደሩ 35 ወጣት ሴቶች 28ቱ ይኸው ችግር ነበረባቸው። የእግርና የክንድ ብርታት ለዚህ ጡንቻ ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። በአገራችን ደግሞ በሰሜን ጎንደር፣ በዳባት ወረዳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ በቀን ለብዙ ሰዓት ከባድ ነገር መሸከም፣ የረዘመ ምጥና በደጋ ገጠር መኖር ከማሕፀን መውረድ ጋር ተያይዘው እንደሚገኙ አመልክቷል። ማሕፀንን የሚደግፈውና ፊኛን የሚደግፈው ያው አንድ ጡንቻ ስለ ሆነ፣ የዳባት ደጋ ነገር ለጣርማ በር ደጋም ትምህርት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳይደባለቁ እናሳስባለን። በሩጫና በሸክም ጊዜ ብቻ የሚያመልጥ ሽንት አንድ ነገር ነው። ቀንና ሌሊት፣ ተኝታም ተቀምጣም፣ ሳያቋርጥ የሚፈስ ሽንት ግን ሌላ ነው፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ምጥ ከረዘመ በኋላ በፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ሲከፈት የሚመጣው ፊስቱላ ነው። እርሱን የሚፈውሰው ቀዶ ሕክምና እንጂ የጡንቻ ልምምድ ብቻ አይደለም። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል እንዲህ ያሉትን ሴቶች ያለ ክፍያ ያክማል፤ በባሕር ዳርና በሌሎች ከተሞችም ቅርንጫፎች አሉት። እንግዲህ ሽንትዋ ሳያቋርጥ የሚፈስባት ሴት ካለች፣ ለእርስዋ የሚያስፈልጋት ምክር ሳይሆን ወደ ሕክምና የሚወስዳት ሰው ነው።

በሩጫ ጊዜ ለሚያመልጣት ሴት በሰፈር የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው «ሩጫውን ተዪው» የሚል ነው። ይህ ጥርሱን ያመመውን ሰው መብላት እንደ መከልከል ያለ ነው። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳይ ካገኘች ወዲህ የሴት ልጅ ሩጫ በአገራችን ክብር ሆኗል፤ በሚፈወስ ነገር ምክንያት አንዲት ተማሪ ከሜዳ ዳር መቅረት የለባትም። ሁለተኛው «ውሃ አትጠጪ» የሚል ነው። ውሃ ያነሰው ሽንት ግን ይወፍርና ፊኛን ያስቆጣል፤ የሆድ ድርቀትንም ያመጣል፤ ድርቀቱም በማማጥ ጡንቻውን ይበልጥ ያላላዋል። ሦስተኛው «የሴት ዕጣ ነው፣ ቻዪው» የሚል ሲሆን፣ እኛ ከሁሉ የከፋ የምንለው ይህን ነው፤ ምክንያቱም የሚድነውን የማይድን አስመስሎ ያስቀራል።

የሚድን መሆኑ ከታወቀ ብዙ ዘመን አልፏል። አርኖልድ ኬገል የተባሉ አሜሪካዊ የሴቶች ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ይህን ጡንቻ በልምምድ ማጠንከር እንደሚቻል ጽፈው አሳውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራም፣ ይህ ችግር ኖሮባቸው ልምምዱን ያደረጉ ሴቶች፣ ካላደረጉት ይልቅ «ድነናል» የማለታቸው ዕድል 8 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ጡንቻውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በሰው መካከል ተቀምጠው ፈስ እንዳያመልጥ የሚቋጥሩበት ጡንቻ እርሱው ነው። እርሱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ፣ ከ3 ጀምሮ እየቆዩ እስከ 8 እስኪቆጠር ድረስ መያዝ፣ ከዚያም በዚያው ልክ ፈጽሞ መልቀቅ ይገባል። ይህን ከ8 እስከ 12 ጊዜ መደጋገም፣ በቀንም 3 ጊዜ ማድረግ፣ ቢያንስ ለ3 ወር አለማቋረጥ ነው። ትንፋሽ መቋጠር፣ ሆድን መግፋት፣ ጭንንና መቀመጫን መጭመቅ አይገባም። ሽንት እየሸኑ በመካከል ማቋረጥንም ልማድ ማድረግ አይጠቅምም። ጡንቻውን ያወቀችው ሴት ከማሳልዋ፣ ከመዝለልዋ ወይም ሸክም ከማንሣትዋ በፊት ቀድማ ትሳበው፤ በር ከነፋስ በፊት ቢዘጋ ይሻላልና። ልምምዱ ገንዘብም ዕቃም አይጠይቅም፤ ቡና እየቆሉ፣ ደብተር እያረሙ ይሠራል። የፕሮስቴት እጢ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሽንት የሚያመልጣቸውን ወንዶችም ይረዳል።

እስኪሻል ድረስ ንጽሕናን መጠበቅ ግድ ነው። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አጥፎ ማድረግ፣ እንደ ረጠበ መለወጥ፣ በሳሙና አጥቦ በፀሐይ ማድረቅ፣ ገላንም በውሃ ታጥቦ ማድረቅ ይገባል፤ በእርጥበት የቆየ ቆዳ ይቆስላልና። ሽንት ሲሸና የሚያቃጥል፣ ደም የሚታይበት፣ ትኩሳት ያለበት፣ ከብልት ሥጋ ወጣ የሚል፣ ወይም ሽንት አልወጣ የሚል እንደ ሆነ ግን ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ልምምዱ ከ3 ወር በኋላ ካልረዳም ሌላ ሕክምና አለና ሐኪም ይጠየቅ።

«ይህ በትምህርት ቤት የሚነገር ነገር አይደለም፤ ነውር ነው» የሚሉን ይኖራሉ። መልሳችን አጭር ነው። ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ቅማል፣ ስለ ሆድ ትል በክፍል ውስጥ እናስተምራለን፤ እነርሱም አፍ ሞልተው የሚናገሩአቸው ነገሮች አልነበሩም። ነውር የሚሆነው በጨዋ ቃል ማስተማር ሳይሆን፣ ተማሪዋ ስለማታውቀው ነገር እየፈራች እንድትቀር ማድረግ ነው። ስለዚህ መምህራንን የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። በሩጫ ሰዓት «ልውጣ» ያለችውን ተማሪ ምክንያቷን በሰው ፊት ሳትጠይቁ ፍቀዱላት። በትምህርት ቤቱ የሚዘጋ በርና ውሃ ያለው የሴቶች መጸዳጃ እንዲኖር ጠይቁ፣ ወትውቱ። ሴት መምህራን ደግሞ ልምምዱን ከሌላው የሰውነት ማጠንከሪያ ጋር አንድ አድርገው ለሴቶች ተማሪዎች ለብቻቸው ያስተምሩ።

ለከተማው ባለ ቤትም የምንናገረው አለ። «የእኛ አገር ሴት በሸክም የጠነከረች ናት፣ ሌላ ልምምድ አያስፈልጋትም» ማለት ስንፍናችንን መሸፈኛ ነው። ትንፋሽን ቋጥሮ ከአቅም በላይ መሸከም ያንን ጡንቻ አያሠለጥነውም፤ ያደክመዋል እንጂ። ውሃውና እንጨቱ የሚገባው በሚስታችን ወይም በቤት ሠራተኛችን ጀርባ እንደ ሆነ፣ ሸክሙ በሁለት ጊዜ ይከፈል፤ አህያ ካለ በአህያ ይጫን፤ ባልና ወንድ ልጅም ይሸከሙ። አራስ ይልቁንም ከከባድ ሸክም ትጠበቅ። ጭሱም እንዲወጣ ለማድ ቤቱ መስኮት ይከፈትለት፤ ሳል የቀነሰበት ቤት ይህም ችግር ይቀንስበታል።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የዚህ ችግር መድኃኒት ግን ከሐኪም ቤት ሳይደርስ በእያንዳንዷ ሴት አካል ውስጥ ያለ ስለ ሆነ፣ የጎደለው ነገር የሚነግራት ሰው ብቻ ነው። ፊደል የቆጠርን ሁሉ ይህን ያነበብነውን፣ ማንበብ ለማትችለው እናታችን፣ እኅታችንና ጎረቤታችን በጨዋ ቃል እናድርስ፤ በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ይህን እንዲያስተምሩ እንጠይቃቸው። የ3 ወር ልምምድ ሊያሽለው የሚችለውን ነገር የዕድሜ ልክ ኀፍረት አናድርገው።