የጨነቃት እርጉዝ የት ትገባለች?

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» ይላል ተረታችን። የጨነቃት እርጉዝ ራሷ የት እንደምትገባ ግን ተረቱ አይነግረንም። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ ደውላ መልሱን ነገረችኝ። ካይሮፕራክተር ቤት ትገባለች።

ልጅቷ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። ወገቧን ይዟታል። ቀን ቆማ ስትሠራ ትውላለች፣ ማታ መገላበጥ እያቃታት ታድራለች። ለሐኪሟ ብትነግረው «እርግዝና ነው፣ ያለ ነው» ብሏት ወደሚቀጥለው ታካሚ ሄደ። አብራት የምትሠራ ጓደኛዋ ታዲያ እጇን ይዛ ወሰደቻት። ለስላሳ ሙዚቃ፣ በመስታወት ተሸፍኖ የተሰቀለ ዲፕሎማ። ሰውየው አርባ ደቂቃ ሙሉ አዳመጣት፤ ወገቧን ዳሰሰ፣ ዳሌዋን ጫን ጫን አደረገ። «እትዬ፣ በእውነት ቀለል አለኝ» አለችኝ። ደስ አለኝ።

ነገሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እስክትወልድ 20 ጊዜ እንድትመላለስ፣ ሒሳቡንም አስቀድማ እንድትከፍል ነግሯታል። ወገቧ ስለሚሻላት ብቻ አይደለም። ዳሌዋ «ሲስተካከል» ምጧ ያጥራል፣ ሕፃኑም ጭንቅላቱን ወደ ታች ያዞራል፣ ከኦፕራሲዮንም ትድናለች ተብላለች።

«እና እትዬ፣ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?»

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሁለት ወልጃለሁ፤ ከዚያ ውጭ ሥራዬ ማንበብና ማስነበብ ነበር። ስለዚህ «የሰጡሽን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» አልኳት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን አሰለች የነበረው በአንድ ምክር ነው፤ ግሱን ፈልጉ፣ ከዚያ ባለቤቱን ፈልጉ። ወረቀቱን በዚህ ዓይን አነበብኩት። ምጥን «ያሳጥራል» የሚል አንድም ቦታ የለም። «ሊያሳጥር ይችላል» አለ። «እንደሚያሳጥር ይታመናል» አለ። «ብዙ እናቶች እንደሚናገሩት» አለ። ማን ነው የሚያምነው? ስንት እናቶች? ባለቤት የሌለው ግስ ነው። «ያሳጥራል» የተባለው በአፍ፣ ያውም ክፍያ ጠረጴዛው አጠገብ ነው። ወረቀት ይጠየቅበታላ! አፍ ማን ይጠይቀዋል?

እስቲ ታሪኩን እንየው። ካይሮፕራክቲክ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1895 አሜሪካ፣ አይዋ ግዛት፣ ዳቨንፖርት ከተማ ውስጥ ነው። አባቱ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር፣ ከዚያ በፊት በማግኔት እፈውሳለሁ እያለ የሚተዳደር ሰው ነበር። የመጀመሪያ ታካሚው አንድ የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ነው። ፓልመር እንደሚለው፣ የጀርባውን አጥንት ገፋ ሲያደርግለት ተደፍኖ የኖረው ጆሮው ተከፈተ። ከዚያ ተነስቶ የበሽታ ሁሉ ምንጭ ማለት ይቻላል ከቦታዋ የተንሸራተተች የአከርካሪ አጥንት ናት አለ። ያለ ፈቃድ ሲያክም እ.ኤ.አ. በ1906 ታስሯል። ዛሬ ግን ሙያው በ50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች በሕግ ፈቃድ የሚሰጥበት፣ ዓመታት ተምረው የሚገቡበት ሙያ ነው። ብዙዎቹ ባለሙያዎችም የፓልመርን ሙሉ እምነት ትተው የወገብና የአንገት ሕመም ላይ ይሠራሉ። ፍርደ ገምድል ላለመሆን ይህንን መናገር አለብኝ።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ እናት፣ ለእህቴ፣ ስነግራት ሳቀች። «ለመታሸትማ እዚህስ ወጌሻ መች ጠፋ!» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ፤ በኋላ ግን ሳቁ ከነከነኝ። እኛ ተማርን ባዮቹ ምን ዓይነት ሰዎች ነን? የሰፈራችን ወጌሻ ነፍሰ ጡር ሲያሽ «ኋላ ቀር» እንላለን። ያው እጅ ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ ደረሰኝ እየቆረጠ ሲያሽ «ዶክተር» እንላለን። የሁለቱ ትምህርት አንድ ነው እያልኩ አይደለም፤ አይደለም። ሁለቱም ግን አንድ ዓይነት ጥያቄ ሊጠየቁ ይገባል። ስለ ምጥ የነገርከኝን በምን አወቅኸው?

እንግዲህ ጥያቄውን በየተራ እናቅርብ።

ለወጌሻው። የወለቀ ትከሻ መመለስ የሚያውቅ ወጌሻ አለ፤ አከብረዋለሁ። ሆድ እያሹ «የተጣመመ ልጅ ማቃናት» ግን ሌላ ነገር ነው። ማህፀን ውስጥ ያለውን በዓይኑ አላየም። በኃይል የታሸ ሆድ እንግዴ ልጁ ያለ ጊዜው እንዲላቀቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ከሆነች ደግሞ የተሰፋው ማህፀን ለአደጋ ይጋለጣል። ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ እናትንም ልጅንም የሚወስድ ደም መፍሰስ ነው። «እናቶቻችን ሲታሹ አልኖሩም እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ኖረዋል። የኖሩት ናቸው ደግሞ የሚያወሩልን።

ለካይሮፕራክተሩ። የወገብ ሕመምን በተመለከተ የሚናገረው አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የኮክሬን ግምገማ 34 ጥናቶችን፣ ከ5,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ተመልክቶ ነበር። የሰውነት እንቅስቃሴ የወገብ ሕመምን ሊቀንስ እንደሚችል፣ በእጅ የሚሰጡ አንዳንድ ሕክምናዎችም ሊረዱ እንደሚችሉ ጽፏል፤ ማስረጃው ግን አብዛኛው ደካማ ነው ብሏል። እዚህ ላይ «ይችላል» የሚለው ቃል በሐቅ ነው የገባው፤ ሚዛኑ ተነግሯልና።

ምጥን ያሳጥራል ለሚለው ግን በእጣ በተመደቡ እናቶች ላይ ተሠርቶ ይህን ያረጋገጠ ጠንካራ ጥናት የለም። ያለው ባለሙያዎቹ ስለራሳቸው ታካሚዎች የጻፉት ነው። የቅርብ ዘመዱ የሆነው የኦስቲዮፓቲ የእጅ ሕክምና በ400 ነፍሰ ጡሮች ላይ አሜሪካ ውስጥ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ሕክምናው ለእናቶቹ አደጋ እንዳላመጣ ታየ። ምጡስ? በታሹት ሴቶች ላይ ረዘም ብሎ ተገኘ! አጥኚዎቹ ራሳቸው ይህ ነገር ገና መጠናት አለበት አሉ። እኔም ከዚህ ተነስቼ «መታሸት ምጥን ያረዝማል» አልልም። ግን «ያሳጥራል» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ይህን ወረቀት አንብቦት ይሆን?

ሕፃኑን ያዞራል ወደሚለው እንምጣ። የዌብስተር ዘዴ የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጽሑፍ «82 በመቶ ይሳካል» ብሎ ነበር። ቁጥሩ ከየት መጣ? ዘዴውን የሚሠሩት ካይሮፕራክተሮች ራሳቸው ከሞሉት መጠይቅ። ያልታሹ ሴቶች ለንጽጽር አልቀረቡም። በ28ኛው ሳምንት ከአራት ወይም ከአምስት ፅንሶች አንዱ በመቀመጫው ነው ያለው። የመውለጃው ቀን ሲደርስ ግን እንዲህ ሆነው የሚገኙት ከመቶ ሦስት ወይም አራት ብቻ ናቸው። ሌሎቹን ማን አዞራቸው? ማንም። ራሳቸው ዞሩ። ዶሮ ሲጮህ ነጋ ብሎ ዶሮውን ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው? ባይዞርስ? ባይዞር በአልትራሳውንድ እያየ፣ የኦፕራሲዮን ክፍል አጠገብ ሆኖ፣ ከሆድ በላይ በእጁ የሚያዞር የማህፀን ሐኪም አለ። እሱም የሚሳካለት በግማሽ ያህሉ ነው፤ ደግሞ ደፍሮ ይናገረዋል።

«ቢሆንም ምን ይጎዳል?» ትሉኛላችሁ። ሦስት ነገር ይጎዳል።

አንደኛ ገንዘብ። ቆማ የምትሠራ ልጅ የአራስነት ቀኗን የምታርፍበት ገንዘብ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ። በእርግዝና ወቅት ወገብ ሁሌ የአጥንት ነገር አይደለም። እየመጣ እየሄደ የሚያጣድፍ የወገብ ሕመም ያለ ጊዜው የመጣ ምጥ ሊሆን ይችላል። ከትኩሳት ጋር ከሆነ የኩላሊት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ደም ከታየ፣ ራስ ምታት ከጠና፣ ዓይን ብዥ ካለ ቀጥታ ሆስፒታል ነው እንጂ የማሻ አልጋ ላይ መተኛት አይደለም።

ሦስተኛው ጉዳት ግን የሚያናድደኝ ነው፤ ጥፋተኝነት። ምጧ የረዘመባት ሴት ምን ትላለች? «12 ጊዜ ብቻ ሄጄ ነው፣ 20ውን ብጨርስ ኖሮ!» ትላለች። በኦፕራሲዮን የወለደችው ዳሌዋን ትወቅሳለች። የሻጩ ተስፋ ሲከሽፍ ዕዳው የእናትየው ይሆናል። ከዚህ የበለጠ ምን ጉዳት አለ?

እዚህ ላይ ባቆም ግን ጽሑፌ ግማሽ እውነት ይሆናል። ልጅቷ ለምን ሄደች? ሞኝ ሆና አይደለም። የሰማት ሰው ስላገኘች ነው። ሐኪሙ ያልሰጣትን አርባ ደቂቃ ሌላው ሰጣት። «ያለ ነው» ብሎ መልስ አለ እንዴ? ረሀብም ያለ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። የዛሬ 30 ዓመት ገደማ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ 14 ሰዓት አምጫለሁ። እናቴ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ከሆስፒታሉ በር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አደረች። «አይገባም» ተባለች። ሰባት የወለደች ሴት! ውስጥ አልጋዎቹ ተጠጋግተዋል፤ አጠገቤ የምታምጥ አንዲት የገጠር ሴት ነበረች። ሌሊት ላይ እጇን ዘረጋችልኝ፤ እኔም ዘረጋሁ። ምጥ ሲመጣባት ትጨምቀኛለች፣ ሲመጣብኝ እጨምቃታለሁ። ስሟን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ሌሊት የማስታውሰው የእሷን እጅ ነው።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? ምጥን እንደሚያሳጥር ማስረጃ ያለው ያ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ የኮክሬን ግምገማ ከ17 አገሮች ከ15,000 በላይ ሴቶችን ያየ ነው። ምጥ ላይ ሳለች ሳይለያት አብሯት የሚሆን ሰው ያላት ሴት በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድሏ ይቀንሳል፤ ምጧም በአማካይ 40 ደቂቃ ገደማ ያጥራል። በ2013 የወጣው ደግሞ በምጡ የመጀመሪያ ክፍል ተንጋልሎ ከመተኛት ይልቅ መቆምና ወዲያ ወዲህ ማለት አንድ ሰዓት ከ22 ደቂቃ ያህል እንደሚቀንስ አገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እያንዳንዷ ወላድ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል። ጥቅል ክፍያ የለውም። 20 ጊዜ መመላለስም የለውም። የሰፈር ሴቶች «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ወገብ ደግፈው ሲያቆሙ የኖሩበት ነገር ነው።

እና እኛ ምን አደረግን? ሴቶቻችንን ወደ ጤና ተቋም ኑ አልናቸው፤ ልክ ነበርን። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ አምስት ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደረሱ። ከ100,000 ወላዶች የሚሞቱት እናቶች ከ871 ተነስተው በ2016 ወደ 412 ወርደዋል። ይህ የአዋላጆቻችንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ላብ ነው። ግን ሴቲቱን ስናስገባ እናቷን ውጭ አስቀረናት። ዛሬ የሚፈቅዱ ተቋማት አሉ፤ ገንፎ የሚያገነፉ፣ ቡና የሚያፈሉ ጤና ጣቢያዎችም አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ብዙ ቦታ ግን አሁንም «አይገባም» ነው። «ቦታ ጠባብ ነው፣ የሌላዋ ገመና ይታያል» ይሉናል። መጋረጃ ስቀሉ! አንድ መጋረጃና አንድ በርጩማ የሚያቅተው ሆስፒታል የለም። ያቃተን ነገሩን እንደ ሕክምና መቁጠር ነው።

በሩን ስንዘጋባት ሴቲቱ ሌላ በር ታንኳኳለች። እዚህ ሆድ አሺ ቤት፣ እዚያ ካይሮፕራክተር ቤት። ከዚያ ደግሞ አላዋቂ ናት እንላታለን።

ለልጅቷ የመለስኩላት ይህንን ነው። «የኔ እናት፣ ወገብሽን ካሻለሽ ለሐኪምሽ ነግረሽ፣ በየጊዜው እየከፈልሽ ሂጂ፤ ሆድሽንና አንገትሽን ግን አይንኩሽ። ለ20ው አትክፈዪ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም ጠይቂ። ሐኪምሽ ደግሞ ‹ያለ ነው› ሲልሽ ከወንበሩ አትነሺ፤ ‹ያለ ከሆነ ምን ይደረግለታል?› በይው። የተረፈሽን ገንዘብ ለእናትሽ ቲኬት አዋጪበት።»

ቪዛው ከተሳካ እህቴ በሚቀጥለው ወር ትበራለች። የሜሪላንዱ ሆስፒታል ምጥ ክፍል ድረስ እንደሚያስገባት ልጅቷ ጠይቃ አረጋግጣለች። ከአገሯ 11,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትወልደው ልጅ እናቷን አጠገቧ ታገኛለች። እዚህ እናቷ በሩ ላይ ድንጋይ ላይ የተቀመጠችባት ልጅስ?

በሽልም ያውጣችሁ፤ ሁለታችሁንም።