የሚያገረሽ የነርቭ ሕመምን «ለቀቀኝ» ብለን አንተወው

አንዲት ወጣት አንድ ዓይኗን ያማትና ማየት ይቸግራታል። ሳምንታት ቆይቶ ይሻላታል። ከወራት በኋላ ደግሞ እግሯ ይደነዝዛል። ቤተሰብ «ብርድ መትቷት ነው» ይላል፤ ሲለቃት ነገሩ ይረሳል። መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚባለው የነርቭ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። በአገራችን በብዛት የሚታይ ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል።

የጀጎል ግንብ በአምስቱ ጥንታዊ በሮቹ የሐረርን ገቢና ወጪ ይቆጣጠር ነበር። አንጎላችንና ህብለ ሰረሰራችንም ከደም የሚለያቸው አጥር አላቸው። በዚህ ሕመም ግን ቲ እና ቢ የተባሉት የበሽታ መከላከያ ሴሎች አጥሩን አልፈው ይገቡና የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነውን ማይሊን እንደ ባዕድ ቆጥረው ያጠቁታል። ሽፋኑ ሲጎዳ የነርቭ መልእክት ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። ማገርሸት የምንለው ይህ ነው። ብግነቱ ሲበርድ ሕመምተኛው ይሻለዋል፤ ሆኖም ነርቩ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አያገግምም። ጉዳቱ እየተደራረበ ለአካል ጉዳት ሊዳርግ ይችላል።

እውነተኛ ማገርሸት ከ24 ሰዓት በላይ ይቆያል። ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ኃይለኛ ሙቀት የቀድሞውን ምልክት ለጊዜው ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ሐኪም በመጀመሪያ እነዚህን ይመረምራል።

ስቴሮይድ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ማገገምን ያፋጥናል፤ ቀጣዩን ማገርሸት ግን አይከላከልም። በሰውነቱ የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ያለ ምርመራ ቢወስደው ነቀርሳው ሊቀሰቀስበት ይችላል። ስለዚህ በራስ ውሳኔ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መውሰድ አደገኛ ነው።

ማገርሸትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች የሚሠሩት በእነዚሁ ሴሎች ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የቢ ሴሎችን የሚቀንሰውን ሪቱክሲማብ ጨምሮ ሦስት መድኃኒቶችን ለዚህ ሕመም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካቷል። ዝርዝር ውስጥ መግባት ብቻውን ግን ሕመምተኛን አያድንም። የሚመለከታቸው የጤና ተቋማት መድኃኒቶቹ ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ሕመምተኞችም የሚደርሱበትን መንገድ ሊያስቡበት ይገባል።

ውድ አንባቢያን፣ ድንገት የአካል ግማሽ ጎን መስነፍ ወይም የአንደበት መያያዝ ካጋጠመ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የዓይን መደብዘዝ ወይም የእግር መደንዘዝ ደግሞ መጥቶ ቢለቅዎትም እንኳ የጀመረበትንና የለቀቀበትን ቀን ጽፈው ይመርመሩ። ያቺ ማስታወሻ ለሐኪሙ ብዙ ትነግረዋለች።