ስለ ግራኝ ልጆቻችንና ስለ አንድ አሮጌ ሽጉጥ

የምንኖርባት የቴክሳስ ከተማ ሪቻርድሰን የተቆረቆረችው፣ የባቡር ሐዲድ ከዳላስ ወደ ሰሜን በተዘረጋበት ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ከዚህ ብዙ በሚርቀው በኮኔቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ በተባለው ከተማ፣ የኮልት ፋብሪካ ለአሜሪካ ፈረሰኛ ጦር 8,000 ባለ ስድስት ጥይት ሽጉጦች ሠርቶ ለማስረከብ ውል ተቀበለ። ያ ሽጉጥ ከቴክሳስ ስም ጋር እጅግ ተቆራኝቶ በመኖሩ፣ በዚህ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያንም በሙዚየም መስታወት ውስጥም ሆነ በመሣሪያ ገበያ ጠረጴዛ ላይ ዘወትር እናየዋለን። ስለ እርሱ ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ፣ መሣሪያው የተሠራው ለግራኝ ሰው ነው የሚለው ነው። ይህን ታሪክ መመርመር ያስፈለገኝ የጦር መሣሪያን ለማወደስ ሳይሆን፣ ምርመራው በየቤታችን በግራ እጃቸው እርሳስ ስለሚያነሡ ሕፃናት የምንፈርደውን ፍርድ ያቃናልናል ብዬ ስለማምን ነው።

አስቀድሞ የመሣሪያውን ጠባይ መረዳት ይገባል። ይህ ሽጉጥ ለእያንዳንዱ ተኩስ መምቻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ካልሳቡት ምላጩ ብቻውን ሥራ አይሠራም፤ ስድስቱ ጥይቶች የሚቀመጡበት ተሽከርካሪ ቤትም እንደ ዛሬዎቹ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ጥይት የሚጎርሰው አንድ በአንድ ሲሆን፣ የማጉረሻው ትንሽ በርና ቀለሁን ገፍቶ የሚያስወጣው ዘንግ ሁለቱም በቀኝ ጎኑ ናቸው። ስለዚህ ቀኝ እጁን የለመደ ተኳሽ ጥይት ለማጉረስ ሲፈልግ ሽጉጡን ወደ ግራ እጁ ማዛወር ግድ ሲሆንበት፣ ግራኙ ግን መሣሪያውን ከያዘበት እጅ ሳያዛውር በቀኙ ያጎርሳል። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች፣ የፋብሪካው መሥራች ሳሙኤል ኮልት ግራኝ ስለ ነበረ ለራሱ እጅ የሚመቸውን ሠራ ይላሉ።

ይሁን እንጂ ኮልት ያረፈው በ1862 በ47 ዓመቱ ነው፤ የ1873ቱ ሽጉጥ የተነደፈው ደግሞ እርሱ ካረፈ በኋላ፣ ዊልያም ሜሰንና ቻርልስ ሪቻርድስ በተባሉ የፋብሪካው ባለሙያዎች ነበር። እነርሱም ቢሆኑ ጎኑን አዲስ አልመረጡትም፤ ባሩድና እርሳስ ከፊት በሚጠቀጠቅበትና ከኋላ ትንሽ የመዳብ ቆብ በሚደፋበት በቀደመው ዘመን፣ ቆቡን ለማልበስ የሚያገለግለው ክፍት ቦታ በቀኝ በኩል ስለ ነበረ፣ የኋለኛው በር የፊተኛውን ስፍራ ወረሰ። ቆቡን ማልበስ ደግሞ ከመተኮስ ይልቅ የጣት ብልሃት የሚጠይቅ ረቂቅ ሥራ ነው፤ ፈረስ ላይ ሆኖ፣ በብርድ በደነዘዘ ጣት ይህን የሚፈጽም ሰው፣ የሠለጠነው እጁ ነፃ እንዲሆንለትና ሌላው እጁ ከባዱን ብረት ደግፎ እንዲይዝለት ይሻል። እንግዲህ መተኮሱን ዋና ሥራ አድርጎ የተመለከተ ሰው ሽጉጡን የግራኝ ሲለው፣ ማጉረሱን ዋና ሥራ አድርጎ የተመለከተ ሌላ ሰው የቀኝ እጅ መሣሪያ ነው ቢለው፣ የሁለቱም አስተያየት ከነገሩ ሥር የወጣ ነው።

የፈረሰኛው ሁኔታም ይህንኑ ያስረዳል። በደንቡ መሠረት የአሜሪካ ፈረሰኛ ጎራዴውን በግራ ጎኑ፣ ሽጉጡን ደግሞ እጀታው ወደ ፊት እንዲመለከት አድርጎ በቀኝ ጎኑ ይታጠቅ ነበር፤ ግራ እጁም ልጓም ይይዝ ነበር። በእኛም ሀገር የጥንቱ ጦረኛ ጎራዴውንና ሾተሉን በቀኝ ጎኑ መታጠቁ በ19ኛው ምዕት ዓመት የመጡትን የውጭ አገር ተጓዦች አስደንቋቸዋል፤ ነገር ግን በግራ ክንዱ ጋሻ ለያዘ ሰው፣ የሰይፉ አፎት ከጋሻው በታች እንዳይጋጭ ወደ ቀኝ መዛወሩ እጅግ የተገባ ነው። የሁለቱም አገር ጦረኛ የትጥቁን ጎን የወሰነው ልጓሙና ጋሻው፣ ማለት ሁለቱ እጆች የተካፈሉት ሥራ ነው።

ዘመን ሲለወጥ ግን ምክንያቱ ይሞትና ልማዱ ብቻውን ይቀራል። ፈረሰኛው ከፈረሱ ከወረደ፣ የመዳቡም ቆብ ከተረሳ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ሩገር የተባለው ፋብሪካ በ1953 የአሮጌውን ዓይነት ሽጉጥ እንደ ገና መሥራት ሲጀምር፣ የማጉረሻውን በር በዚያው በቀኝ በኩል አኖረው። በተቃራኒው፣ ከ1889 ጀምሮ ተሽከርካሪ ቤታቸው ወደ ጎን ተከፍቶ በሚወጣ ሽጉጦች ላይ፣ መውጫው ወደ ግራ፣ መክፈቻውም ለቀኝ እጅ አውራ ጣት በሚመች ስፍራ ስለ ተደረገ፣ በአሮጌው መሣሪያ ምንም ያልተቸገረው ግራኝ በአዲሱ ተቸገረ። ሰውዬውም እጁም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ሠሪው በኅሊናው የሳለው ተጠቃሚ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ግራኝ በአንድ ዕቃ ሲደናቀፍ ባየነው ጊዜ፣ ጉድለቱን ከሰውየው ሳይሆን ከዕቃው መፈለግ እንደሚገባን ነው።

አሁን ፊታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። ከአሥር ሰዎች አንዱ ያህል ግራኝ ሆኖ ይወለዳል፤ ይህም በሀበሻ ልጆች ላይ እንደማንኛውም ሕዝብ ልጆች ይፈጸማል። ነገር ግን ብዙዎቻችን ባደግንበት ቤትና ትምህርት ቤት፣ በግራ እጁ የጻፈ ልጅ ጣቱ ይመታ፣ እጁም ይታሰር ነበር፤ ይህን ቅጣት ያዩ አንዳንድ ወላጆች ደግሞ በሪቻርድሰንና በአጎራባቿ በጋርላንድ እየኖሩ ዛሬም፣ ልጃቸው ብዕሩን ወደ ቀኝ እጁ እንዲያዛውር ሲገሥጹ ይሰማሉ። ለዚህም የሚያቀርቡት ምክንያት የሃይማኖት ትውፊት ነው፤ ቡራኬ በቀኝ እጅ ይሰጣልና፣ ጻድቃን በየማን (በቀኝ)፣ ኃጥኣን በፀጋም (በግራ) ይቆማሉና ይላሉ።

ይህን ምሳሌ አከብራለሁ፤ ሆኖም የክብር ምሳሌ በሕፃን ጣት ላይ የሚፈጸም ፍርድ አይደለም። መጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 3 እስራኤልን ከሞዓብ ቀንበር ያወጣው የጌራ ልጅ ናዖድ ግራኝ መሆኑን ለይቶ ይመሰክርለታል፤ ሰይፉን በቀኝ ጭኑ ላይ በልብሱ ሥር መታጠቁም ከዚሁ የመጣ ነው። በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 20 ድንጋይ ወንጭፈው ጠጉር እንኳ የማይስቱ 700 የብንያም ግራኞች ተጽፈዋል። በሀገራችንም ታሪክ በ1529 በሽንብራ ኩሬ ድል ያደረጉት፣ በ1543 በወይና ደጋ የወደቁት ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በግራኝነታቸው ተጠርተዋል፤ ስለ ጦርነቱ የትኛውም ወገን የራሱን ሐዘን ቢያስታውስም፣ ግራ እጅ ደካማ ነው ብሎ ከዚያ ታሪክ የሚማር ማንም የለም።

ልጁ በቀኙ ይጻፍ የሚሉት ሰዎች ክርክር አንድ እውነት አለው፤ እርሱን መካድ አይገባም። መሶብ የጋራ ነው፤ ከአንድ ገበታ የሚቆርሱ ሰዎች በቀኝ እጅ መጉረሳቸው አንዱ ለሌላው የሚሰጠው አክብሮት ስለ ሆነ፣ ግራኙ ልጅ ይህን ሥርዓት ቢማር ምንም አይጎዳም፤ ትሕትናንም ይማርበታል። ብዕር ግን የጋራ ገበታ አይደለም። እንጀራ በመቁረስ ጊዜ ለጎረቤት ሲባል የሚጠየቀው ትዕግሥት፣ ፊደል በመጻፍ ጊዜ ለማንም ሳይጠቅም የልጁን ጉልበትና ድፍረት ይበላል።

ስለዚህ ወላጆችን፣ ይልቁንም ቅዳሜና እሑድ በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ ለልጆቻችን ፊደል የሚያስቈጥሩትን መምህራን የምለምነው ይህን ነው። ግራኙ ልጅ ሲጽፍ ወረቀቱን ወደ ቀኝ ያዘንብሉለት፤ ብዕሩን ከጫፉ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ እጁን ከመስመሩ በታች አድርጎ ይያዝ፤ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ፣ አለዚያ የጻፈውን በእጁ ይጋርደዋል፣ ቀለሙንም ይፈገፍገዋል። መቀስ ሲሰጠው ስለቶቹ ተገልብጠው የተሠሩለትን ይስጡት፤ በተለመደው መቀስ ላይ የግራ እጅ ግፊት ስለቶቹን ያራርቃቸዋልና፣ ወረቀቱ ተጣጥፎ ሲቀር ልጁ ሰነፍ ተብሎ ይነቀፋል። በማዕድ ሲቀመጥም፣ በቀኝ መጉረስን እስኪለምድ ድረስ፣ መሶቡን ለመድረስ ከጎረቤቱ ክንድ ጋር እንዳይጋጭ በዳር ያስቀምጡት። እነዚህ ነገሮች ብዙ ገንዘብም ሆነ ብዙ ጊዜ አይጠይቁም። የሚጠይቁት፣ የወረስነውን ልማድ ሁሉ፣ ለምን እንደ ተሠራ ከመረመርን በኋላ ጠቃሚውን ለማጽናት፣ ጎጂውን ለመተው መጨከንን ነው፤ ልጆቻችንም በተወለዱበት እጅ ቢጽፉ፣ የሚጽፉት የአባቶቻቸው ፊደል እስከ ሆነ ድረስ፣ ከሀገራቸው ባሕል አንዳች አይጎድልባቸውም።