የቤዙን ድምፅ ማን ይሰማዋል?

የማኅበራችን የሙዚቃ ክፍል ለቤዝ ጊታር የሚሆን ማጉያ እንዲገዛ ተወስኖ መዋጮው ተሰብስቧል። ገንዘቡ ከተሰበሰበ ወዲህ ግን ክርክሩ ባሰ። አንደኛው ወገን፤ «ከተገዛ አይቀር ስመ ጥሩውና ትልቁ ይገዛ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፤ «ቤዝን ለይቶ የሚሰማ ማን አለ? የጊታሩ ማጉያ ለሁለቱም ይበቃል፤ ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ይዋል» ይላል። እኛ ከሁለቱም አንስማማም። ገንዘቡ ከምሳቸው ቀንሰው ያዋጡ ተማሪዎች ገንዘብ ስለ ሆነ የማንስማማበትን ምክንያት በግልጽ መናገር ይገባናል።

በመጀመሪያ ለሁለተኛው ወገን እንመልስ። የጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል ሲርገበገብ፣ የቤዙ ወፍራም ክር 41 ጊዜ ያህል ብቻ ይርገበገባል። ድምፁ ዝቅ ባለ መጠን ስፒከሩ ብዙ አየር መግፋት አለበት፤ ስለዚህ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደው ርቀት ይበዛል። የጊታር ስፒከር ለዚህ ሥራ አልተዘጋጀም። ይኸን ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘነው አይደለም። ባለፈው ዓመት ቤዙን በጊታሩ ማጉያ ሰክተን ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትነው። በሦስተኛው ልምምድ ስፒከሩ መንጣጣት ጀመረ፤ በአራተኛው ወረቀቱ ተቀደደ። አንድ ወር ሙሉ ጊታሩም ቤዙም ዲዳ ሆነው ከረሙ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የራሳችን ነው።

«ማን ይሰማዋል?» ለሚለውም መልስ አለን። ወፍራም ድምፅን ማክበር ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ዐሥር አውታር ያለው በገና ሲደረደር ያደመጠ ሁሉ ያውቀዋል። በጭፈራ ዘፈኖቻችንም ውስጥ የጭክጭካውን ምት ከቅኝቱ ጋር የሚያስተሳስረው ቤዙ ነው። የሮሃ ባንድን ቅጂዎች የሚያዳምጥ ሰው የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ለጥቂት ጊዜ ብቻውን ይከተል፤ ከዚያም ያ ድምፅ ባይኖር ዘፈኑ በምን እንደሚቆም ራሱን ይጠይቅ።

በኛ ክፍል ይኸው ድምፅ ጠፍቷል። ቤዙ ስለማይሰማ ድራሙ ይፈጥናል፤ ድራሙ ሲፈጥን ጊታሩ ድምፁን ይጨምራል፤ ዘፋኙም ይጮኻል። ቤዝ የምትጫወተው እኅታችን ጣቷ እስኪላጥ ከተለማመደች በኋላ ሁለት ሳምንት ቀረች። ለምን እንደ ቀረች ብንጠይቃት፤ «ብመጣስ ምን ይለወጣል? እኔም ራሴን አልሰማሁት» አለችን። የምንገዛው ዕቃ ብቻ አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ወገን እንመለስ። የፌንደር ኩባንያ ቤዝማን የተባለውን ማጉያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 አወጣ፤ አምፔግ ደግሞ በ1969 ኤስ ቪ ቲ የተባለውን ባለ 300 ዋት ማጉያ አቀረበ። ክብራቸውን አንነካም። ነገር ግን ኤስ ቪ ቲ ለታላላቅ መድረክ የታሰበ ነው፤ የኛ ልምምድ የሚካሄደው ወንበሮቹ ተገፍተው በሚጠበው ክፍል ነው። ከዚህም በላይ ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በእጥፍ አይጨምርም። ከ100 ወደ 200 ዋት ብንወጣ የምናገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይኸም ለጆሮ መጠነኛ ለውጥ ነው። ለጆሯችን እጥፍ እንዲመስል ኃይሉ ዐሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ለቁጥር ብቻ ገንዘብ መክፈል እንግዲህ ለጉራ መክፈል ነው።

በሌላ በኩል እጅግ ትንሹም አያዋጣም። ባለ 15 ዋቱ ለመኝታ ቤት መልካም ነው፤ ከድራም አጠገብ ግን ይታፈናል። ስለዚህ የኛ ሐሳብ የሚከተለው ነው።

ማጉያው 100 ዋት አካባቢ ሆኖ ባለ 12 ወይም ባለ 15 ኢንች ስፒከር ያለው፣ ለቤዝ ተብሎ የተሠራ ይሁን። የቫልቩ ሳይሆን የትራንዚስተሩ ይሁን፤ ቫልቭ ድምፁ ቢያምርም ይከብዳል፣ ያረጃል፣ መለወጫውም ውድ ነው። አዲስ ካልሆነ አንልም፤ በደንብ የተያዘ አሮጌ ማጉያ ከተናቀ አዲስ ይሻላል። ከጀርባው የተጻፈው ቮልት ይነበብ፤ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን በኛ 220 ቮልት ላይ ያለ ትራንስፎርመር መሰካት ማቃጠል ነው። የትራንስፎርመሩም ዋጋ ከዋጋው ጋር ይደመር።

ገዢዎቹም ባዶ እጃቸውን አይሂዱ። የራሳችንን ቤዝ ይዘው ይሂዱ፤ ወፍራሙን ክር ይምቱ፤ ድምፁን ከፍ አድርገው የሚንጣጣ ወይም የሚንኳኳ ነገር እንዳለ ያዳምጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያጠፉ ያቆዩት፤ የሚቃጠል ነገር ሽታ ከመጣ አመስግነው ይውጡ። በባትሪ መብራት የስፒከሩን ወረቀት ይመርምሩ። ቢበላሽ የሚጠግነው ሰው በከተማችን መኖሩንም ከመክፈላቸው በፊት ይጠይቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ማጉያው የማን ይሆናል? እስካሁን በክፍላችን ማን እንደሚጫወት የወሰነው ችሎታ ሳይሆን የዕቃ ባለቤትነት ነው፤ ጊታር ያለው ጊታር መቺ ሆነ፤ የሌለው አጨብጫቢ ሆነ። አዲሱ ማጉያ በአንድ ሰው ቤት ካደረ ይኸው ይደገማል። ስለዚህ በማኅበሩ መዝገብ ይመዝገብ፤ ቁልፉ በጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ ለመማር የፈለገ ሁሉ ፈርሞ በተራው ይጠቀምበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ማጉያው እስኪገዛም ድረስ ያለ ገንዘብ የሚደረግ ነገር አለ። ጊታሩና ድራሙ ጥቂት ዝቅ ይበሉ። ይኸን ማድረግ ካቃተን ሺህ ዋትም ቢገዛ ቤዙን የሚሰማው አይኖርም።