አሮጌው አውቶቡስ ቤት ይሁን

ለሕዝብ አገልግሎት ወጣሁ ብሎ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ መኝታው የሚመለስ ተማሪ ያደረገው ጉብኝት ነው እንጂ አገልግሎት አይደለም። ይህን የምንለው ማንንም ለመንቀፍ ሳይሆን ሁላችንም የምናውቀውን ነገር በግልጽ ለመናገር ያህል ነው። በክረምት በጎ ፈቃድም ሆነ በተግባር ትምህርት ስም ወደ ገጠር ቀበሌ ስንወርድ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንደርሳለን፤ ስለ ጽዳት አንድ ንግግር እናደርጋለን፤ ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሹፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል። ባላገሩ ከእርሻው የሚገባው ግን እኛ ከሄድን በኋላ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ለማኅበራችን አባሎች እናቀርባለን። ይኸውም ከሥራ ወጥተው በየግቢው ከቆሙት አሮጌ አውቶቡሶች አንዱ ተንቀሳቃሽ መኖሪያ ቤት ሆኖ ለአገልግሎት ቡድኖቻችን ማደሪያ ይሁን የሚል ነው። ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት የሚያሥቅ ይመስላል፤ ቢሆንም ምክንያታችንን እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልን አንባብያንን እንለምናለን።

ለምሳሌ ያህል ሐራን እንውሰድ። ሐራ በሰሜን ወሎ፥ ከወልዲያና ከመርሳ ብዙ ሳይርቅ በቆላው ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። ቆላ እንደ መሆኑ መጠን የአካባቢው አንዱ ጠላት ወባ ነው። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ በአብዛኛው የምትነክሰው በምሽትና በሌሊት መሆኑን፥ ሕመሙም የሚበረታው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት መሆኑን የጤና ተማሪዎች ያስረዱናል። እንግዲህ በቀትር መጥቶ ስለ አጎበር የሚያስተምር ሰው አጎበሩ ሌሊት አልጋ ላይ ተዘርግቶ ይሁን፥ ወይስ ተጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይሁን በምን ያውቃል? ሌሊት የሚመጣን ጠላት ሌሊት የሚያድር ሰው እንጂ ቀን ውሎ የሚሄድ ሰው አያየውም።

በዚሁ በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ ጃራ በተባለው ስፍራ ከወለጋ የተፈናቀሉ አያሌ ወገኖቻችን በመጠለያ ጣቢያ ተሰብስበው ኖረዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ ችግሩ የሚገለጠው ሲመሽ ነው። ልጆች የሚያጠኑበት መብራት መታጣቱ፥ እናቶች በጨለማ ወደ ሜዳ መውጣታቸው፥ ሸራው የሌሊቱን ዝናብ አለመቻሉ በቀን ጉብኝት አይታይም።

ታዲያ ለማደር የሚከለክለን ምንድን ነው? ዋናው ነገር ማደሪያ ማጣት ነው። በባላገሩ ቤት እንደር ብንል የወሎ ሰው እምቢ እንደማይል እናውቃለን። ችግሩም ይኸው ነው። አልጋውን ለእንግዳ ለቆ እርሱ መደብ ላይ ይተኛል፤ ለዓመት በዓል ያቆያትን ዶሮ ያርዳል። ስድስት ተማሪዎች ሦስት ሌሊት በአንድ ደሀ ቤት ቢያድሩ ጥለውት የሚሄዱት ከሰጡት ምክር የበለጠ ዕዳ ነው። በከተማ አልጋ ተከራይተን እንደር ብንል ደግሞ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ቀበሌዎቹስ ከከተማው ይርቁ የለምን? ከሁሉም የሚከፋው እኅቶቻችንን የሚመለከተው ነው። የአዳር ጉዞ በተነሣ ቁጥር ሴት ተማሪዎች የሚቀሩት ፍላጎት አጥተው አይደለም፤ የሚቆለፍ በርና የተከለለ መኝታ ስለማያገኙ ነው። እናቶችን የምታነጋግረው ተማሪ ቀርታ ወንዶች ብቻችንን ስለ እናቶች ጤና ለማስተማር እንሄዳለን።

ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች የማደርን ጥቅም ያውቁት ነበር። በ1954 እ. ኤ. አ. የተከፈተው የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን እያደራጀ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እየላከ ያሠለጥን ነበር። ከ1957 ዓ. ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደንብ መሠረት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም በአስተማሪነት ተመድበዋል። በ1967 ዓ. ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወርደዋል። ስለ ዘመቻው ፖለቲካ ብዙ ክርክር አለ፤ እዚህ አናነሣውም። ነገር ግን እነዚያ ወጣቶች ከሕዝቡ ጋር መሽቶባቸዋል፥ ነግቶላቸዋልም። እኛ ዓመት ልንቆይ ባንችል ሦስት ሌሊት ለመቆየት አያቅተንም።

አሁን ወደ አውቶቡሱ እንመለስ። ለምን አውቶቡስ?

አንደኛ፥ ዋጋው ከተከፈለ ቆይቷል። መንገደኛ ለመጫን ያረጀ አውቶቡስ ለቤትነት ገና ወጣት ነው። ጣራ፥ ግድግዳ፥ መስኮት፥ በርና ወለል አለው። ርዝመቱ 11 ሜትር፥ ወርዱ 2.5 ሜትር ቢሆን ወለሉ 27 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። የሹፌሩ ቦታ ተቀንሶ እንኳ ስድስት ተደራራቢ አልጋዎች፥ አንድ የሥራ ጠረጴዛ፥ አንድ ትንሽ ማድቤትና በኮምፔንሳቶ የተከለለ፥ ከውስጥ የሚቆለፍ የሴቶች ክፍል ይወጣዋል።

ሁለተኛ፥ ቤት ሠርተን ብናስቀምጥ ለአንድ ቀበሌ ብቻ ይሆናል። አውቶቡስ ግን ችግሩን ይከተላል። ዛሬ ሐራ፥ በሚቀጥለው ሳምንት መርሳ፥ ከዚያም ጃራ ሊቆም ይችላል። በገበያ ቀን ገበያው ዳር፥ በክትባት ጊዜ ጤና ኬላው አጠገብ ይሆናል።

ሦስተኛ፥ ሥራው ራሱ ትምህርት ነው። ሻሲውንና ፍሬኑን የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪዎች፥ መብራቱን የኤሌክትሪክ ተማሪዎች፥ ውኃውንና መጸዳጃውን የጤና ተማሪዎች፥ የሰነዱን ጉዳይ የሕግ ተማሪዎች ይይዙታል። በወረቀት ላይ ብቻ ስናሰላው የኖርነውን ሒሳብ በላሜራ ላይ እናየዋለን። ለምሳሌ ስድስት ሰዎች በቀን 20 ሊትር ውኃ ለየራሳቸው ቢያስፈልጋቸው ለሦስት ቀን 360 ሊትር፥ ማለት 360 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ የአምስት መንገደኞች ያህል ክብደት ስለሆነ 45 ሰው ይጭን ለነበረ መኪና ከባድ አይደለም፤ ሮቶው ጣራ ላይ ቢወጣ ግን በመታጠፊያ ላይ መኪናውን ሊያናውጠው ስለሚችል ወለሉ ላይ፥ በሁለቱ ጎማዎች መካከል መቀመጥ አለበት። ሁለት ባለ 300 ዋት የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎችም በቀን 5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኙ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣሉ፤ ብክነቱ ተቀንሶ የሚተርፈው ለመብራት፥ ለስልክና ለአንዲት አነስተኛ ማቀዝቀዣ ይበቃል። የቆላውን ሙቀት ለመከላከል ጣራው ነጭ ይቀባል፤ በላሜራውና በኮርኒሱ መካከል ሙቀት የሚከለክል ፎም ይገባል፤ መስኮቶቹ ሁሉ ወንፊት ይደረግላቸዋል። የጋዝ ምድጃው ከመኝታው ይራቅ፤ ሁለተኛ የመውጫ በር ይኑር። እነዚህን ያላሟላ ቤት ወጥመድ ነው።

ሐሳቡ እኛ የፈጠርነው አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ አገር ያረጁ ቢጫ የተማሪ አውቶቡሶችን እየገዙ ቤት የሚያደርጉ ብዙ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዱ ለሽርሽር፥ አንዳንዱም የቤት ኪራይ ቢከብደው ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ላቫ ሜይ የተባለ ድርጅት በ2014 እ. ኤ. አ. ከሥራ የወጡ የከተማ አውቶቡሶችን ቤት ለሌላቸው ሰዎች ተንቀሳቃሽ ገላ መታጠቢያ አድርጎ ነበር። በእኛም አገር በአዲስ አበባ ከሥራ የወጡ የአንበሳ አውቶቡሶች ታድሰው የሸገር ዳቦ መሸጫ ሆነው ታይተዋል። ዳቦ የሚሸጥበት አውቶቡስ ከተቻለ ስድስት ተማሪ የሚያድርበት የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም።

ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንዳንዶች “አውቶቡሱ ታድሶ ተማሪ ያመላልስ” ይሉ ይሆናል። በየቀኑ ሙሉ ጭነት ይዞ እንዲሮጥ ማደስና በወር ሁለት ጊዜ ቀላል ጭነት ይዞ በዝግታ እንዲሄድ ማደስ እኩል ወጪ አይጠይቁም። የመጀመሪያው የሚቻል ከሆነ ግን ይደረግ፤ አንቃወምም።

ሌሎች ደግሞ “ወገን በሸራ ሥር እያደረ እናንተ ለራሳችሁ ቤት ትሠራላችሁን?” ብለው ይጠይቁናል። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ መልሳችንም ይህ ነው። ተፈናቃይ መንቀሳቀሱ በቅቶታል፤ የሚገባው መሠረት ያለው ቤት ነው እንጂ ጎማ ያለው ቤት አይደለም። ያን ቤት አንድ አሮጌ አውቶቡስ አይሰጠውም። እኛ ልንሰጠው የምንችለው የሚያስጠና፥ የሚያክም፥ አቤቱታውን የሚጽፍለት፥ ሲመሽም ጥሎት የማይሄድ ተማሪ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የመንገዱ ነገር ነው። ሰሜን ወሎ በ2013 ዓ. ም. መጨረሻና በ2014 ዓ. ም. የጦር ሜዳ ሆኖ እንደ ነበረ፥ ከዚያም ወዲህ በክልሉ ሰላም ደፍርሶ መቆየቱ የታወቀ ነው። መንገዱ በማይታመንበት ቀን አውቶቡሱ ከግቢ አይወጣም፤ የማንም ተማሪ ሕይወት ለመርሐ ግብር ሲባል አደጋ ላይ አይጣልም። ቤቱን ለማዘጋጀት ግን ሰላም እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጅብ ከሄደ በኋላ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን።

ሐራ ስለ መጠበቅ የምታስተምረን ነገር አላት። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር መስመር ሥራው የተጀመረው በ2007 ዓ. ም. ነበር፤ ተጠናቅቆ አገልግሎት ሳይሰጥ ጦርነቱ ደርሶ ጉዳት አደረሰበት። ትልቁ ሥራ የመንግሥትና የትልቅ ገንዘብ ነውና ጊዜውን ይጠብቃል። በእጃችን ያለው ትንሽ ሥራ ግን የሚጠብቀው እኛን ብቻ ነው።

በመጨረሻ ለማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ አራት ነገሮች እናመለክታለን። አንድ፥ ከየፋኩልቲው የተውጣጣ ኮሚቴ ተመርጦ በባለሙያ መካኒክ አማካይነት የአንዱን አውቶቡስ ሻሲ፥ ሞተርና ፍሬን ያስመርምር፤ ሻሲውን ዝገት በልቶት ከተገኘ ነገሩ ይቅር። ሁለት፥ ብየዳ ሳይጀመር የአገልግሎት ለውጡ በሊብሬው ላይ እንዲመዘገብና መኪናው ዓመታዊ ምርመራውን አልፎ ቦሎ እንዲያገኝ የሚያስፈልገው ሁሉ ይጠየቅ። ሦስት፥ አውቶቡሱ የሚወጣው የቀበሌው ሰዎች ወይም ጤና ጣቢያው ሲጠይቁ ብቻ ይሁን፤ ከወጣም ከሁለት ሌሊት በታች አይደር። አራት፥ እያንዳንዱ ቡድን ያየውንና የሠራውን በአንድ መዝገብ ጽፎ ለሚቀጥለው ያስረክብ፤ አለዚያ እያንዳንዱ ቡድን እንደ አዲስ እንግዳ ይሆናል።

ሐሳባችንን የሚቃወም ቢኖር በዚሁ መጽሔት ይጻፍ፤ በሚቀጥለው እትም መልስ እንሰጣለን። የሚደግፈን ግን ከመጻፉ በፊት የሥራ ልብሱንና አንድ መፍቻ ያዘጋጅ።