የመንገደኛ ጠርሙስ

ከባሕር ማዶ የሚመለሱ ወገኖቻችን ሻንጣቸውን ሲከፍቱ የሚወጣው ያው የታወቀው ውስኪ ነው። በየአውሮፕላን ጣቢያው የሚሸጥ ዕቃ የየትኛው አገር መታሰቢያ ሊሆን ይችላል? ይኸው መንገደኛ ሲሄድ ደግሞ ጠጁንና ዳግም አረቄውን «ለፈረንጅ አይሰጥም» ብሎ ትቶት ይሄዳል። ሜክሲኮ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ተኪላ የሚለውን ስም በሕግ አስከበረች፤ ጆርጂያም መሬት ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ጋን የምትጠምቀውን ወይን በ2013 በዩኔስኮ መዝገብ አስገባች። ጋን ለእኛ እንግዳ ነውን?

እርግጥ ነው፥ ጠጅ ፍላቱ ሳያልቅ ቢታሸግ ጠርሙሱን ሰብሮ የተጓዡን ልብስ ያበላሻል። (በዚህም ጊዜ የሚወቀሰው አሻጊው ሳይሆን ጠጁ መሆኑ ያስገርመናል።) ስለዚህ ጠማቂዎቻችን ፍላቱ እስኪያልቅ ይታገሡ፤ አጥልለው ያሽጉ፤ ማሩ የተቆረጠበትን አገርም በጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። እንዲህ ያለውን ጠርሙስ ለውጭ ወዳጆቻችን ይዘን ለመሄድ እኛ ዝግጁ ነን።