ድንኳኑ የት ይተከል?

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመስክ ጉዞ ሲታቀድ የሚዘጋጀው ዝርዝር ረዥም ነው። የአውቶቡሱ ኪራይ፣ ነዳጁ፣ ውሎ አበሉ፣ ስንቁ፣ የናሙና መሰብሰቢያ ጠርሙሱ ሳይቀር ተጽፎ ይፈረምበታል። አርባና አምሳ ወጣቶች ሌሊቱን ተኝተው የሚያድሩበት መሬት ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። «እዚያው ደርሰን እናየዋለን» ይባላል። ሲደረስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ተቃርባለች፤ ተማሪው ደክሟል፤ ሾፌሩ መኪናውን የሚያቆምበት ጥላ ይፈልጋል። በመጨረሻ ለዓይን ያማረው፣ ለውኃ መቅጃ የቀረበው፣ ድንጋይ የሌለበት ለስላሳ ሜዳ ይመረጣል። ቦታውን የመረጠው ሳይንስ ሳይሆን ድካም ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው የማደሪያ ቦታ መምረጥ ራሱ የመስክ ትምህርቱ የመጀመሪያ ልምምድ እንዲሆን፣ ነጥብም እንዲሰጥበት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በላቦራቶሪ ውስጥ ስሌት የተሳሳተ ተማሪ ነጥብ ይጎድልበታል፤ በወንዝ ዳር ስሌት የተሳሳተ ቡድን ግን ሰው ይጎድልበታል።

ነገሩን በአንድ ቦታ እንየው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አርባ ምንጭ ለዚህ ዓይነት ትምህርት የተፈጠረች ትመስላለች። ከከተማዋ በታች አባያና ጫሞ የተባሉት ሁለት ሐይቆች ተኝተዋል፤ በመካከላቸው «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ጉብታ ይለያቸዋል። በምዕራብ የጉጌ ተራሮች ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ይታያሉ። ከገደሉ ግርጌ ከተማዋን ስም ያወጡላት ምንጮች ይፈልቃሉ፤ ምንጮቹም ትልልቅ ሾላዎች የበዙበትን የከርሰ ምድር ውኃ ደን ያጠጣሉ። የኩልፎ ወንዝ ከተራሮቹ ወርዶ ይህን ደን ሰንጥቆ ወደ ጫሞ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክም ከዚሁ ይጀምራል። ደን፣ ወንዝና ሐይቅ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ የሚገኙበት ሌላ ቦታ በአገራችን ብዙ የለም። ታዲያ ድንኳኑ የት ይተከል?

የብዙው ሰው መልስ «ከኩልፎ ዳር፣ ከሾላው ሥር» የሚል ነው። ቦታው በእርግጥ ያምራል። መሬቱ ሜዳ ነው፤ አፈሩ ለስላሳ ነው፤ የድንኳን ካስማ በቀላሉ ይገባበታል። ለመሆኑ ይህን ሜዳ ማን ደለደለው? ይህን ለስላሳ ደለል ከተራራ ማን አመጣው? ያመጣው ወንዙ ራሱ ነው፤ ያመጣውም ሞልቶ ከአልጋው በወጣባቸው ቀኖች ነው። እንግዲህ አንድ ወንዝ ዳር ያለ መሬት ለድንኳን እጅግ የተመቸ ከሆነ፣ ምቾቱ ራሱ የጎርፍ ማስረጃ መሆኑን ተማሪው ሊረዳ ይገባል።

«ሰማዩ ጠርቷል፤ ዝናብ የለም» የሚለው መጽናኛም አይሠራም። ጎርፉ የሚወለደው በተኛንበት ቦታ ሳይሆን በተራራው ላይ ነውና። የተራራው ዝናብ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ ጣለ እንበል። ውኃው በሰከንድ 3 ሜትር ቢጓዝ 10,000 ሰከንድ፣ ማለትም ሦስት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ይበቃዋል። ማታ በሦስት ሰዓት ኮከብ ቆጥሮ የተኛ ሰው እኩለ ሌሊት ሳይሆን ጎርፉ ይደርስበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋን በሌሊት የመታው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ሰው በእግሩ የሚሻገረው ደረቅ አሸዋ ነው። የአገራችን ሰው «ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ ጥቂት ፊዚክስ ላስገባ። የሚፈስ ውኃ በአንድ አካል ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ የገባን ሰው እናስብ፤ ሁለቱ እግሮቹ ለውኃው የሚያቀርቡት ገጽ 0.15 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ውኃው በሰከንድ 1 ሜትር ሲፈስ የሚገፋው ኃይል 75 ኒውተን ያህል ነው፤ ይህን መቋቋም ይቻላል። ፍጥነቱ 2 ሜትር ሲሆን ግን ኃይሉ 300 ኒውተን ይደርሳል። የ60 ኪሎ ሰው ክብደት 600 ኒውተን ያህል ነው፤ የረጠበ ድንጋይ ሰበቃ ከዚህ ግማሹን እንኳ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሰውየው ይንሸራተታል። ጉልበት ላይ የደረሰ ውኃ ዋናተኛውንም ዋና የማይችለውንም እኩል የሚወስደው ለዚህ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የድንጋዩ ሕግ ነው። ወንዝ ሊያንከባልለው የሚችለው ድንጋይ ክብደት ከፍጥነቱ ስድስተኛ ኃይል ጋር ይሄዳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን 64 ጊዜ የሚከብድ ድንጋይ ያንቀሳቅሳል ማለት ነው። በመሆኑም በወንዝ አልጋ ላይ የተቀመጠ ክብ ቋጥኝ የፍጥነት መለኪያ መሣሪያ ነው። በደረቁ ወራት ቁርጭምጭሚት የማይሞላ ጅረት አጠገብ በሬ የሚያህል የተድበለበለ ድንጋይ ካየን፣ ያን ያመጣ ውኃ አንድ ቀን እዚያ አልፏል። ሌላም ምስክር አለ፤ ቀና ብሎ ዛፍ ማየት ነው። በወንዝ ዳር ቅርንጫፎች ላይ የተንጠለጠለ ገለባ፣ ሳርና የተቀደደ ፌስታል ነፋስ ብቻ ያመጣው አይደለም። በብዙ ዛፎች ላይ በአንድ ልክ ከፍታ ተሰልፎ ከታየ የመጨረሻው ጎርፍ የውኃ ልክ እሱ ነው። ፌስታል ለአካባቢ ጠንቅ ቢሆንም ለሃይድሮሎጂ ተማሪ ነፃ የሆነ የመለኪያ ምልክት ሆኗል!

«ይህ ሁሉ ጣጣ በተፈቀደና በተመዘገበ የካምፕ ቦታ ለሚያድር ሰው አያስፈልግም» የሚሉ ይኖራሉ። ለትምህርት አውሮፓ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህ እምነት እዚያም እንዳለ አስተውያለሁ፤ ቁጥር የተሰጠው የድንኳን ቦታ፣ የመታጠቢያ ቤትና በር ላይ የተሰቀለ ምልክት ሰውን ከማሰብ ያሳርፉታል። በስፔን የፒሬኔ ተራሮች ውስጥ በቢየስካስ ከተማ አቅራቢያ የነበረው የካምፕ ቦታም ፈቃድ ያለው ነበር። የተሠራው ግን አንድ ጅረት ከተራራ ሸለቆ ወጥቶ ድንጋይና ደለሉን እንደ ማራገቢያ በሚዘረጋበት ቦታ ላይ ነው። ጅረቱ በትናንሽ ግድቦችና በቦይ ተገርቷል ተብሎ ታምኖ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1996 በጣለው ኃይለኛ ዝናብ፣ ተፋሰሱ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላው ይህ ጅረት ግድቦቹን ጥሶ 87 ሰዎችን ገደለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የስፔን ፍርድ ቤት አደጋው አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነበር በማለት መንግሥታዊ አካላት ካሳ እንዲከፍሉ ወስኗል። የመሬቱ ቅርጽ ለማንም ተመልካች ግልጽ ነበር፤ የጎደለው ቅርጹን የሚያነብ ሰው ነው።

«ለአንድ ሌሊት ምን ይሆናል?» ለሚለውም የሂሳብ መልስ አለ። በአማካይ በ50 ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ጎርፍ በአንድ ዓመት ውስጥ የመምጣት ዕድሉ 2 በመቶ ነው። ለአንድ ሌሊት ሲሆንማ ከዚህ እጅግ ያንሳል፤ ተማሪው ልክ ነው። ነገር ግን ያ ቦታ ቋሚ የካምፕ ሥፍራ ሆኖ ለ30 ዓመት ሰው ቢያድርበት፣ ጎርፉ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣቱ ዕድል 45 በመቶ ይሆናል። ለአንድ እንግዳ ኢምንት የሆነው አደጋ ለተቋም ሳንቲም ወደ ላይ እንደመወርወር ነው። ስለዚህ ውሳኔው የግለሰብ ድፍረት ጉዳይ አይደለም። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ወደዚያው ቦታ የሚልክ ክፍለ ትምህርት የሚያሰላው የአንድን ሌሊት ዕድል ሳይሆን የዓመታቱን ድምር ሊሆን ይገባል።

ከወንዙ ሸሽተን ወደ ሐይቁ ዳር ብንሄድስ? እዚያ የሚጠብቁን ሌሎች ናቸው። የጫሞ አዞዎች ከ5 ሜትር በላይ ይረዝማሉ፤ ኩልፎ ወደ ጫሞ በሚገባበት አካባቢ የሚሰበሰቡበት ቦታ «የአዞ ገበያ» እስከ መባል ደርሷል። ሰው የሚዘነጋው ግን ጉማሬውን ነው። ጉማሬ ቀኑን በውኃ ውስጥ ውሎ ሳር ለመጋጥ የሚወጣው በሌሊት ነው፤ የሚሄድበትም መንገድ የታወቀ ነው። በሐይቅ ዳር ሳሩ እንደ ተላጨ ያጠረበትና ሰፊ ዱካ የተረገጠበት ሜዳ ድንኳን ለመትከል ያስጎመጃል። ያ ሜዳ የጉማሬ ማዕድ ነው።

የአባያ ውኃ ቀላ ያለ ቡናማ መሆኑም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ተማሪዎች «ውኃውን በባልዲ ቀድተን ብናሳድረው ይጠራል» ይላሉ። ዲያሜትሩ የሜትር አንድ ሚሊዮንኛ የሆነ የሸክላ ቅንጣት በረጋ ውኃ ውስጥ እንኳ በቀን የሚሰምጠው 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በየቀኑ ነፋስ በሚያናውጠው ሐይቅ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አይዘቅጥም። ባልዲው በማግስቱም እንደደፈረሰ ያድራል፤ በደፈረሰ ሐይቅ ዳርም አዞው ሁለት ክንድ ርቆ ቢተኛ አይታይም። ለመጠጥ የሚሻለው የምንጭ ውኃ ነው፤ እሱም ቢሆን ይፈላ። በ1,200 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ተሕዋስያንን ለመግደል በቂ ነው።

ነፋሱን በተመለከተ አርባ ምንጭ አመቺ ናት፤ ነፋሷ ሰዓት ያከብራልና። ቀን መሬቱ ከሐይቁ ፈጥኖ ስለሚሞቅ አየሩ ከሐይቅ ወደ የብስ ይነፍሳል። ሌሊት ይገለበጣል፤ ከጉጌ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየርም ያግዘዋል። ስለዚህ በምዕራቡ ዳርቻ የሰፈረ ቡድን የማታ እሳቱን ከድንኳኖቹ በስተሐይቅ በኩል ቢያነድ ጭሱ ወደ ሐይቁ ይሄድለታል። በዚሁ ሕግ መጸዳጃውም ወደ ሐይቁ በኩል መሆን ነበረበት፤ ይህ ግን ውኃውን ይበክላል። መፍትሔው በጎን በኩል፣ ከውኃ ርቆ መቆፈር ነው። ነፋሱ የእኛንም ጠረንና ትንፋሽ ወደ ዳርቻው ረግረግ ይወስዳል፤ ትንኟም ያንን ጠረን ተከትላ ነፋሱን እየቀዘፈች ወደ እኛ ትመጣለች። በራሷ ጉልበት የምትበርበት ፍጥነት በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋስ የሚያገኘው ከፍ ያለ ቦታ ያስቸግራታል። አጎበሩን ግን ምንም ዓይነት የቦታ ምርጫ አይተካውም፤ አካባቢው የወባ ነው።

ስለ ደኑ አጭር ቃል ይበቃል። ከ15 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ የደረቀ ቅርንጫፍ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ድንኳን ከመትከል በፊት ወደ ላይ ማየት ግዴታ ነው። ብቻውን ከቆመ ረዥም ዛፍ ሥር በመብረቅ ወቅት አይታደርም። ሾላው ባፈራበት ወቅት ደግሞ ከሥሩ የሚያድር ሰው ከዝንጀሮ ጋር ቁርስ መካፈሉን ይቀበል። ወደ ጨንቻ ከፍታ ለሚወጣ ቡድን ነገሩ ይለወጣል፤ እዚያ ጠላቱ ብርድ ነው። ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ እንደ ውኃ ወደ ሸለቆ ይፈስሳል፤ ከሸለቆው ወለል ይልቅ የዳገቱ ወገብ ይሞቃል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ሁሉ የፓርኩ ጠባቂዎችና የአካባቢው ሽማግሌዎች ያውቁታል ይሉኛል። እውነት ነው፤ እንዲያውም ከእኛ መሣሪያ በፊት የእነሱ ትዝታ ይቀድማል። ችግሩ እኛ የምንጠይቃቸው ጥያቄ ነው። «እዚህ ማደር ይቻላል?» ተብለው ሲጠየቁ እንግዳ ላለማስከፋት «ይቻላል» ይላሉ። «አባባ፣ በእርስዎ ዕድሜ ይህ ወንዝ እስከ የት ወጥቶ ያውቃል?» ቢባሉ ግን ተነስተው፣ በዘንጋቸው እየጠቆሙ፣ ዛፉንና ዓመቱን ይነግሩናል። ትክክለኛ ጥያቄ መጠየቅን ካላስተማርን የመስክ ትምህርቱ ምንድን ነው?

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ቡድኑ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት እንዲደርስ ይታቀድ። ተማሪዎች አምስት አምስት ሆነው አንድ አንድ ቦታ ይምረጡ። የጎርፍ ምልክቱን ያፈላልጉ፤ ከምልክቱ በላይ ያለውን ከፍታ ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውኃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ይለኩ፤ አንድ ሽማግሌ ያነጋግሩ፤ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የእንስሳቱን ዱካና የሌሊት መሸሻ መንገዱን በንድፍ ላይ ያስፍሩ። ከዚያ ሁሉም በተሰበሰበበት ምርጫቸውን ይከላከሉ፤ ያሸነፈው ቦታ ላይ ይታደር። እኔ ፈታኝ ብሆን ከጎርፉ ምልክት በላይ ሦስት ሜትር ያልሞላ፣ ወይም ከውኃው ጠርዝ 100 ሜትር ያልራቀ ቦታ ይዞ ለመጣ ቡድን፣ ንድፉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የማለፊያ ነጥብ አልሰጥም። ወጪው የቱቦው ዋጋና የሁለት ሰዓት ጊዜ ነው፤ በሚቀጥለው የጉዞ ዕቅድ ላይ ከውሎ አበሉ መስመር በታች ሊጻፍ ይችላል።